ጭራውን ተወው፣ ጎማውን እይ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ረዳት ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አሁን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚጭን ሰሚ ትሬለር ተሰጥቶኛል። መንገድ ላይ ችግር የለብኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ባሕር ዳር አንድ መጋዘን ገብቼ ወደ ማራገፊያው መድረክ በሪቨርስ አስጠጋ ስባል ሃምሳ ደቂቃ ፈጀሁ። የግቢውን በር ኮለን ገጨሁ፣ ወዛደሮቹም ሳቁብኝ። መሪውን ወዴት እንደምሰብር ይጠፋብኛል። ዘዴው ምንድን ነው? ባለንብረቱ የኋላ ካሜራ ላስገጥምልህ ብሎኛል፣ ይጠቅማል? በስንት ጊዜስ ይለመዳል?»

ወንድሜ፣ ከሳቁ ልጀምር። ከኮለኑ ይልቅ እሱ እንደከነከነህ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። ወዛደር ያልሳቀበት የተሳቢ ሹፌር አላውቅም። እኔም ተስቆብኛል፣ ያውም ደጋግሞ። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም ለሚውል ሰው ያቺ የሹፌር ጭንቀት ነፃ ትርኢት ናት፣ አትቀየማቸው። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃን በሞተር ፍሬን ወርዶ ደጀን የወጣ ሹፌር ባሕር ዳር ደርሶ አራት ሜትር በር ፊት ላብ ሲያጠምቀው ስንቴ አይቻለሁ። መንገድ መንዳት አንድ ሙያ ነው፣ ወደ ኋላ ማስገባት ሌላ ሙያ። የመጀመሪያውን ሦስት ዓመት ጋቢና ውስጥ ተቀምጠህ በዓይንህ ቀስመኸዋል። ሁለተኛውን ግን አላየኸውም። ሹፌርህ ሲያስገባ አንተ መሬት ላይ ቆመህ «ና! ና! ና!» ትል ስለነበር እጁ መሪው ላይ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን አይተህ አታውቅም። ረዳትነት ይህን አያስተምርም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ። ወደ ፊት ስትሄድ ጎታቹ፣ ማለትም ጋቢና ያለው የፊቱ መኪና፣ ይስባል፣ ተሳቢው ይከተላል። ገመድ እንደመሳብ ነው፤ ቢወላገድም ትንሽ ስትሄድ ራሱ ይቃናል። ወደ ኋላ ስትመጣ ግን እየገፋኸው ነው። ገመድ ሲገፋ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ትንሿ ጥመት በራሷ አትቃናም። ዝም ካልካት ታድጋለች፣ አድጋ አድጋ ጋቢናህ የኮንቴይነሩን ጎን ሊስም ይደርሳል። ያኔ መሪ ብትሰብርም ባትሰብርም ለውጥ የለውም፤ ወደ ፊት ከመውጣት ሌላ መፍትሔ የለህም። እንግዲህ በሪቨርስ ሥራህ ያቺን ጥመት ገና ልጅ ሳለች መያዝ ነው።

«ወዴት ልስበር» ላልከው፣ በጣና ላይ በሞተር ጀልባ ሄደህ ታውቃለህ? ዘጌ ስትሻገር ከኋላ የሞተሩን እጀታ ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ አስተውለው። እጀታውን ወደ ግራ ሲገፋ የጀልባው አፍንጫ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የጀልባው ኋላ ግን ወደ ግራ ይንሸራተታል። እጁ በሄደበት የጀልባው ኋላ ይሄዳል። አንተም መሪውን እንደዚያ ልጅ ያዘው። ሪቨርስ ስታስገባ እጅህን ከመሪው ላይኛው ክፍል አንሳና ከታች፣ በሰዓት ፊት ላይ 6 ቁጥር በምትገኝበት ቦታ አኑረው። እጅህ ወደ ግራ ከሄደ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ። መሪው ራሱ የዞረው በተቃራኒው ነው፤ ይህን ግን ማሰብ የለብህም፣ እጅህ ያስብልህ። «ግራ ከፈለግሁ ቀኝ፣ ቀኝ ከፈለግሁ ግራ» እያሉ በልብ ማነብነብ ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ ይሠራል። አሥር ሰው እየጮኸብህ ግን ይጠፋብሃል፤ የጠፋብህም ለዚህ ነው።

ይህ ጥመት ለመፍጠር ነው። ጥመት ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ቀጥ ብለህ እየመጣህ ሳለ ተሳቢው ከአንዱ ስፖኪዮ ይልቅ በሌላው በዝቶ መታየት ከጀመረ፣ በበዛበት በኩል ስበር። ጎኑ በግራ ስፖኪዮ ከበዛ መሪውን ወደ ግራ፣ በቀኝ ከበዛ ወደ ቀኝ። ሁለቱ ስፖኪዮዎች እኩል ሲያሳዩህ ቀጥ ብለሃል ማለት ነው።

እንዲያውም አዲስ ሹፌር አቅጣጫ የሚሳሳት ይመስለዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው መጠን ነው። 12 ሜትር ተሳቢ ዘግይቶ ነው የሚመልስልህ። ሩብ ዙር ትሰብራለህ፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ትጨምራለህ፣ አሁንም ዝም። ሌላ ትጨምራለህ። ከዚያ ሁሉም ተጠራቅሞ በአንዴ ይመጣና ጭራው ጥሎህ ይሄዳል። ትንሽ ስበር፣ ጠብቅ፣ እይ፣ ከዚያ ፍታ፣ ማለትም የሰበርከውን መሪ መልስ። ጥበቃው ራሱ ሥራ ነው። ባለ 20 ጫማ አጭር ተሳቢ ከተሰጠህ ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፣ ይቸኩላል፤ ረጅሙን የለመደ ሹፌር አጭሩ ላይ ሲደናበር ብታይ አትገረም።

አሁን ልነግርህ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይኸው፦ ጭራውን ተወው፣ ጎማውን እይ።

ጀማሪ ሁሉ ዓይኑ የኮንቴይነሩ የኋላ ጥግ ላይ ይተከላል፤ የሚገጨው እሱ ነው ብሎ ስለሚፈራ። ተሳቢ ግን የሚዞረው በጎማዎቹ ላይ ነው። ባለ ሦስት አክስል ከሆነ በመሃለኛው ረድፍ ላይ እንደሚዞር አድርገህ አስብ። በር ውስጥ ወደ ግራ እያጠፍክ ስትገባ ለግራው ኮለን ከሁሉም በላይ የሚጠጋው የተሳቢው አካል ጎማው ያለበት ቦታ ነው። መዞርህን እስካላቋረጥክ ድረስ ጎማው ኮለኑን ካለፈ በዚያ ጎን ያለው ሁሉ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አደጋው ወደ ውጭው ጎን ይዞራል፦ የኮንቴይነሩ የቀኝ የፊት ጥግና የጎታችህ አፍንጫ ወደ ቀኝ ሰፊ ቅስት እየሠሩ ይመጣሉ። አንተ የገጨኸው ኮለን የቀኙ ነው ብዬ እገምታለሁ። ግራውን አልፈህ «ተገላገልኩ» ስትል አይደል?

ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የግራ ስፖኪዮህን ዝቅ አድርገህ አስተካክል። የተሳቢው የመጨረሻ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ መታየት አለበት፤ የኮንቴይነሩ ጎን ከመስታወቱ ከሩብ በላይ አይያዝ። ታች ያለችውን ትንሿን ጎባጣ መስታወት አትናቃት። ነገሮችን ከእውነተኛ ቦታቸው አርቃ ስለምታሳይ ርቀት አትለካባትም፣ ግን ሰውና ድንጋይ ታሳይሃለች። ተሳቢው ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኝ ስፖኪዮህ የኮንቴይነሩን ግንባርና ሰማይ ብቻ ያሳይሃል። ያ ዕውር ጎንህ ነው። እኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ ምርጫ ባገኘህ ቁጥር በግራህ በኩል ግባ። በግራ በኩል መስኮት ከፍተህ፣ አንገት አውጥተህ በዓይንህ ታያለህ፤ በቀኝ ግን በሰው ወሬ ነው የምትገባ።

እዚህ ላይ ሹፌሮች ስንፍና ያጠቃቸዋል። ከወረታ በኩል መጥተህ ወደ ከተማው ስትገባ መጋዘኑ በቀኝህ ከሆነ አልፈህ ሂድ፣ ሰፊ ቦታ ላይ ዞረህ በግራህ አድርገኸው ተመለስ። ሁለት ኪሎ ሜትር ቢፈጅብህ ምን ይደንቃል? ድሮ፣ በአሮጌው የአባይ ድልድይ ዘመን፣ ከነተሳቢ አባይ ማዶ ተሻግሮ ዞሮ መመለስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ ድልድይ ሰፊ ነው፣ ያ ሰበብ አሁን የለም።

በሩ በግራህ ሆነ እንበል። ግማሹ ሥራ ሪቨርስ ሳታስገባ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ያንተ ሃምሳ ደቂቃም የባከነው እዚህ ይመስለኛል። በመጀመሪያ በሩን ሳታልፍ ቁምና ውረድ። በእግርህ ግባ። መሬቱን እይ፣ መድረኩን እይ፣ ወደ ላይም እይ። የበሩን ስፋት በእርምጃ ለካ። ተሳቢህ ሁለት ሜትር ተኩል ይሰፋል። በሩ አራት ሜትር ከሆነ ቀጥ ብለህ ስትገባ በየጎኑ 75 ሳንቲ ሜትር ይተርፍሃል፣ ይህ ደግሞ ብዙ ነው። ገደድ ብለህ ከገባህ ግን ያ ሁሉ በአንዴ ያልቃል። ከበሩ ትይዩ፣ በመንገዱ ማዶ ያለውን ቦታም እይ። ጎታችህ የሚወጣው ወደዚያ ነው። ቦይ ካለ፣ የቆመ ጋሪ ካለ፣ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ካለች አስቀድሞ ይታወቅ።

ከዚያ ተነሳና በሩን በግራህ እያየህ፣ ከአጥሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀህ እለፈው። ጋቢናህ በሩን እንዳለፈ መሪውን ወደ ቀኝ በደንብ ስበርና ወደ መንገዱ ማዶ ምራ። ጎታቹ ገደድ ሲል ወደ ግራ መልስ፣ ቀጥ አድርገህ ትንሽ ሳብ። በትክክል ከሠራኸው ተሳቢው ከመንገዱ ጋር ወደ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ጭራው በሩን ያያል። መፈተኛው ይህ ነው፦ በግራ መስኮት ዞረህ ስታይ ሁለቱም ኮለኖች ይታዩሃል? ካልታዩህ አልተዘጋጀህም። ሪቨርስ አታስገባ፣ ዞረህ ድገመው። በመጥፎ አቋቋም የተጀመረ ሪቨርስ በጥሩ እጅ አይድንም።

ከታዩህ፣ ዝቅተኛውን የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ አትንካ። ሞተሩ በራሱ ጉልበት ይግፋ። ፍሪሲዮን ላይ ግማሽ እግር እያሳረፍክ አትንፏቀቅ፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። እጅህን ከመሪው ታች አድርገህ ወደ ግራ ሂድ። ጭራው ወደ በሩ መታጠፍ ሲጀምር ጠብቅና ፍታ። አሁን ዓይንህ ከግራው ጎማ አይነሳ። ጎማው ወደ ኮለኑ ሲቃረብ መሪውን ወደ ግራ ስበርና ጎታችህን ከተሳቢው ፊት ለፊት አምጣው። እኔ ለማሠለጥናቸው ልጆች «ተከተለው» እላቸዋለሁ፤ ተሳቢው መንገዱን አግኝቷል፣ አንተ ተከተለው። ጀማሪ የሚዘገየው እዚህ ነው። የከባድ መኪና መሪ ከጥግ እስከ ጥግ አራት ዙርና ከዚያም በላይ አለው፤ ቀጥ ማለት ሲያስፈልግህ መስበር ከጀመርክ አልፎሃል። ተሳቢው ከመድረኩ ጋር ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው መከተል ጀምር። ቆመህ መሪ አታዙር፣ ጎማውንም መሪውንም ትጎዳለህ። ትንሽ እየተንከባለለ ይሁን።

ጠመመብህ? ውጣ። ጠምሞ የገባን ተሳቢ በሪቨርስ ለማቃናት አሥር ደቂቃ ትታገላለህ፤ ስምንት አሥር ሜትር ወደ ፊት ብትስበው ግን ራሱ ይቃናል። ያሠለጠንኳቸው ልጆች «ስንት ጊዜ መውጣት ይፈቀዳል?» ይሉኛል። የሚቆጥር የለም። ኮለኑን ግን ይቆጥሩታል።

ስለ ረዳትህ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አደጋው ያለው እዚህ ነው። አንተ ረዳት ስለነበርክ ታውቀዋለህ፤ «ቀኝ! ቀኝ!» ይላል። የማን ቀኝ? መሪው ወደ ቀኝ ነው ወይስ ጭራው? ከፊትህ ቆሞ ፊቱን ወደ አንተ ካዞረ ደግሞ የሱ ቀኝ ያንተ ግራ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን በቀላሉ ፈትቼዋለሁ፤ ቀኝና ግራ የሚሉ ቃላትን ከለከልኩ። «ጭራውን ወደ ጣና!» ወይም «ጭራውን ወደ አስፋልት!» ነው የምንባባለው። ሐይቁ ቦታውን አይቀያይርም። ሌላ ከተማ ስትሆን ደግሞ መስጊዱን፣ የውኃ ታንከሩን፣ ያገኘኸውን ተጠቀም። ዋናው ሁለታችሁም ወደ አንድ ነገር መጠቆማችሁ ነው። የሚጠቁምልህም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ዘበኛው፣ ወዛደሩ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሹፌር ስለሆነ ይጮኻል፤ «ቁም» ካሉህ ከማንም ተቀበል፣ «ና» ካሉህ ግን ከረዳትህ ብቻ።

ረዳትህ በግራ በኩል፣ ከጭራው ራቅ ብሎ፣ በስፖኪዮህ በሚታይህ ቦታ ይቁም። በመድረኩና በተሳቢው መሃል ፈጽሞ አይግባ። ከስፖኪዮህ ከጠፋ ቁም። ለምን ጠፋ ብለህ አትመራመር፣ ቁም።

ይህን ከባዶ ሜዳ ተነስቼ አልነግርህም። ከዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እያስገባሁ ነበር። ግቢውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ መቶ ጊዜ ገብቼበታለሁ። ረዳቴ ባጃጅ ሊያስቆም ወደ በሩ ሮጠና ከስፖኪዮ ጠፋ። የቀረኝ ሦስት ሜትር ነው ብዬ ቀጠልኩ። አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ስወርድ ወዛደሮቹ እህል የሚመዝኑበት ባለ ሰሌዳው ሚዛን ከመድረኩ ጋር ተጣብቆ እንደ ቆርቆሮ ተጨምቋል። ከደቂቃ በፊት አንድ ሽማግሌ ወዛደር ሚዛኑ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ሲጠሯቸው ተነስተው ሄደዋል። ብርጭቆውን መሬት ላይ ትተውት ነበርና አልተሰበረም፣ ግማሽ ሻይ ይዞ ከጎማው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ሚዛኑን ከደሞዜ ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ረዳት ከስፖኪዮዬ ከጠፋ እግሬ ራሱ ነው ፍሬኑን የሚረግጠው።

መድረክ ስላልክ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር አብዛኛው መጋዘን መድረክ የለውም፣ ወዛደር በትከሻው ነው የሚያወርደው። እዚያ ግማሽ ሜትር ብትርቅም ብትጠምም ማንም አይጠይቅህም። መድረክ ያለው መጋዘን ግን ወለሉ ከመሬት ወደ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ያለ ነው፤ ከኮንቴይነሩ ወለል ጋር እንዲገጥም ታስቦ። የኮንቴይነር በር አንዱ ክንፍ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ መድረኩን ከተጠጋህ በኋላ ልክፈት ብትል አይከፈትም። የግቢውን በር ካለፍክ በኋላ፣ መድረኩ ሦስት ሜትር ሲቀር ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ውረድና ክፈት። ስትከፍት ከክንፉ ፊት አትቁም፣ መንገድ ላይ የተንሸራተተ ጭነት በሩን ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ክንፎቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አዙረህ ከኮንቴይነሩ ጎን ጋር እሰራቸው። አንዴ አንድ ልጅ ሳያስር ገብቶ ነፋስ ክንፉን መልሶበት መድረኩ መሃል ተቀርቅሮ ነበር።

መድረኩ ጠርዝ ላይ አሮጌ ጎማ ከተሰቀለ እድለኛ ነህ፤ ቀስ ብለህ ሳመው። ካልተሰቀለ አንድ ጣት ሲቀርህ ቁም፣ ጣውላ ወይም ላሜራ ያነጥፉበታል። ፍሬን ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ታኮ አድርግ። ጭነቱ ሲወርድና ጋሪ ሲመላለስበት ተሳቢ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይንፏቀቃል። ያ የተፈጠረ ክፍተት ደግሞ የወዛደር እግር የሚበላ ክፍተት ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ሦስት ዓመት ረዳት የሆንክበት መኪና ሰሚ ትሬለር ነበር ወይስ ራሱ ጭኖ ከኋላው በመጎተቻ ብረት ሌላ ተሳቢ የሚጎትት? ሁለተኛው ከሆነ ያየኸውን እርሳው። ሰሚ ትሬለር የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ያኛው ተሳቢ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ መጎተቻው ከመኪናው ጋር በሚገናኝበትና የተሳቢው የፊት ጎማ በሚዞርበት ላይ። አንዴ የተገለበጠው አቅጣጫ እንደገና ይገለበጣልና መሪውን ወደ ቀኝ ስትሰብር ጭራው በስተመጨረሻ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግን ሁለቱም መታጠፊያ በየፊናው ስለሚያምፅ ከጥቂት ሜትር በላይ በሪቨርስ ቀጥ አድርጎ መያዝ ከባድ ነው። ነባር ሹፌሮችም ጠባብ ግቢ ሲያጋጥማቸው ፈትተው ውጭ ያቆሙትና መኪናውን አራግፈው ይመለሱበታል። ድፍረት ለማሳየት ከነተሳቢው ልግባ የሚል ካየህ ራቅ ብለህ ቁም።

ክረምቱን እንዳትረሳ። የግቢው አፈር ዋልካ ከሆነ ከድንጋዩ ንጣፍ የወረደ ጎማ አይመለስም፤ ሦስት አክስል ያለው ተሳቢ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎማውን በጎን እየጎተተ ስለሚዞር ለስላሳ መሬት ያርሳል። ወደ ላይ እይ ያልኩህም ለምክንያት ነው። ከፍ ያለው ኮንቴይነር ብቻውን 2 ሜትር ከ89 ነው፤ ተሳቢው ላይ ሲቀመጥ ከአራት ሜትር ያልፋል፣ የሰፈር መብራት ገመድ ደግሞ ሁሌ አራት ሜትር ላይ አይደለም። የዋርካና የጃካራንዳ ቅርንጫፍም እንደዚሁ። ጠዋት ጭራህ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ፀሐይ ከስፖኪዮው ነጥራ ዓይንህን ታጠፋለች፤ እንደዚያ ከሆነ ሻይ ጠጣና ከፍ ስትል ግባ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ባዶ ሜዳ ፈልግ። እሑድ ጠዋት፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ። ስምንት ጀሪካን ውኃ ሙላ፣ ባዶው ነፋስ ይወስደዋልና። መጀመሪያ ምንም በር አትሥራ። ሃምሳ ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ጥመትን ልጅ ሳለች መያዝ የምትማረው እዚያ ነው። ያንን ሳታዛንፍ አምስት ጊዜ ስትሠራ በአራት ጀሪካን አምስት ሜትር በር ሥራና በግራህ ግባ። ከዚያ አራት ሜትር ተኩል፣ ከዚያ አራት። ጀሪካን ስትጨፈልቅ ወርደህ የቱ ጎን እንደሆነ እይ፣ በልብህ ያዝ። በቀኝ በኩል መግባትን በመጨረሻ ሞክረው፣ ያውም ከረዳትህ ጋር። በቀን አንድ ሰዓት ለሁለት ሳምንት ብትሠራ ግቢ ውስጥ አታፍርም። ዓይን ሳይጨፍኑ፣ ልብ ሳይመታ ለመግባት ግን አንድ ዓመት ይፈጃል ብል አልዋሽህም። ሜዳ ካላገኘህ ማታ ቡና ስትጠጣ ሁለት የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛ ላይ አያይዘህ ግፋ። ጓደኞችህ ይስቁብሃል፤ ለምደኸዋል።

ካሜራው ይጠቅማል፣ ለመጨረሻዋ አንድ ሜትር። መድረኩን ስትጠጋና ከኋላ ሕፃን መኖሩን ስታይ ጥሩ ነው። ኮለንህን ግን አያሳይህም፣ ምክንያቱም ኮለን የሚመታው በጎን ነው፣ ካሜራው ደግሞ ጀርባ ላይ ነው። ክረምት ላይ በመጀመሪያዋ የጭቃ ኩሬ ይታወራል። ተሳቢ በተቀየረ ቁጥርም አብሮ ይቀራል፣ ሽቦውም ሁሌ አይገጥምም። እኔን ከጠየቅህ ባለንብረቱን በዚያ ገንዘብ በቀኝ በኩል ጥሩ ጎባጣ ስፖኪዮና ከቀኝ በር በላይ ወደ ታች የሚያይ መስታወት ግዛልኝ በለው። ከተረፈው ለረዳትህ አንጸባራቂ ሰደርያ ጨምርለት።

ኮለኑን ደግሞ ነገርካቸው ወይስ ዝም ብለህ ወጣህ? ጥያቄህ ውስጥ አልጻፍከውም። ካልነገርካቸው ዛሬ ደውልላቸው፤ ብሎኬቱንና የግንበኛውን ዋጋ ተነጋገሩ። ወደዚያ ግቢ ትመለሳለህና። በሩ ላይ የሚቆመውም፣ ባጃጆቹን ይዞልህ ማዶውን ባዶ የሚያደርግልህም ያው ዘበኛ ነው።